የምሕረት መንገድ
ሕፃናትን ለመርዳት ባሕር ተሻግረው ስለሚመጡ ምእመናንና ስለሚቀበሏቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለአገራችን ክርስቲያን ጉዞ እንግዳ ነገር አይደለም። ለበረከት ወደ ግሸንና ወደ ላሊበላ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ኢየሩሳሌም ይጓዛል፤ ለትምህርትም ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከዲማ ወደ ዋሸራ፥ ከደብረ ኤልያስ ወደ ጎንደር ይሻገራል። በእነዚህ በሁለቱ ላይ በዘመናችን ሦስተኛ ጉዞ ተጨምሯል፤ ይኸውም ሕፃናትን ለመርዳት የሚደረግ የምሕረት ጉዞ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚነሡ ክርስቲያኖች ለጥቂት ቀን ወይም ለጥቂት ሳምንት በፈቃዳቸው ሊያገለግሉ ወደ አገራችን ሲመጡ፥ አንዳንዶቹም የዓባይን በረሓ አቋርጠው እስከ ደብረ ማርቆስና እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ሲደርሱ አይተናል። በውጭ አገር የሚኖሩ የራሳችን ልጆችም ገንዘብና ልብስ አዋጥተው የአብነት ተማሪዎችን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

ስለዚህ ነገር ካህናትና ምእመናን በሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፥ ምጽዋት ከሆነ ምን ይመረመራል፤ የሚሰጥን እጅ መጠየቅ ምቀኝነት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ይህ የድሃ ልጅ እያዩ መደነቅ እንጂ ምሕረት አይደለም ብሎ ሁሉንም በአንድነት ይነቅፋል። እኛ ግን ከሁለቱም ጋር መስማማት አልቻልንም። በዚህ ጽሑፍ የምሕረት ጉዞ መሠረቱ ምን እንደ ሆነ፥ በምንስ እንደሚጠቅምና በምን እንደሚጎዳ፥ በመጀመሪያ ከመጻሕፍት፥ ቀጥሎም በራሳችን ላይ ከደረሰው ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሀ. መሠረቱ ከሐዋርያት ነው

የምሕረት ጉዞ የዛሬ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሐዋርያት ሥራን 11ኛውን ምዕራፍ ይመልከት። አጋቦስ የተባለው ነቢይ ረኃብ እንደሚመጣ በመንፈስ ባመለከተ ጊዜ፥ የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ መልእክተኞች የተላኩት እርዳታውን ለሽማግሌዎች እንዲያስረክቡ ነበር። በየደጁ እየዞሩ በገዛ እጃቸው አላደሉትም፤ የአገሩን ችግረኛ ለሚያውቁት ለአገሩ አገልጋዮች ሰጡ እንጂ።

ቅዱስ ጳውሎስም ከዚያ በኋላ ለኢየሩሳሌም ድሆች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ አሰባስቦ ነበር። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በ8ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን የመቄዶንያ ሰዎች ራሳቸው ድሆች ሳሉ ከአቅማቸው በላይ ሰጡ፤ ከገንዘባቸውም አስቀድመው ራሳቸውን ለእግዚአብሔር ሰጡ። ገንዘቡን የሚያደርሱትም አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው፥ ከቲቶ ጋር የተላኩ ወንድሞች ነበሩ። ሐዋርያው ሊታማ የማይገባው ሰው ሲሆን ብቻውን ተሸክሞት መሄድን አልወደደም፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነገሩ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ፈለገ እንጂ።

ደግሞም በሮሜ መልእክቱ በ15ኛው ምዕራፍ የአሕዛብ ምእመናን የኢየሩሳሌም ባለ ዕዳዎች መሆናቸውን ያስረዳል፤ መንፈሳዊውን ሀብት ከእነርሱ ተካፍለዋልና ሥጋዊውን ሊያካፍሏቸው ይገባል ይላል። ከዚህም የተነሣ ሰጪው ጌታ፥ ተቀባዩ ባሪያ ሊሆን አይችልም። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው እሰጣለሁ ብቻ ሳይሆን እቀበላለሁም ብሎ ካልመጣ፥ መንገዱ ከሐዋርያት መንገድ ተለይቷል።

ለ. ደጉ ሳምራዊ መንገደኛ ነበር

በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ የተነገረውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ያ ሰው መንገደኛ እንደ ነበረ፥ የመንገደኛም ምሕረት ምን ዓይነት እንደሚሆን ያሳየን እርሱ መሆኑን ብዙ ጊዜ አንመለከትም።

በመጀመሪያ ቁስሉን አየ፤ የሚያስፈልገውንም አደረገ። በእጁ የነበረው ዘይትና ወይን ስለ ነበረ ሳይሆን ቁስለኛው የሚያስፈልገው ስለ ነበረ አፈሰሰለት። ሁለተኛም በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፤ እርሱ በእግሩ ሄደ ማለት ነው፤ ምሕረቱ ከድካሙ ተከፈለ። ሦስተኛም ወደ ገዛ አገሩ ወደ ሰማርያ አልወሰደውም፤ በዚያው መንገድ ወደሚገኝ የእንግዳ ማደሪያ አገባው እንጂ። አራተኛም ሁለት ዲናር አውጥቶ ለባለ ማደሪያው ሰጠ፤ የቀረውን ጥበቃ በዚያ ለሚኖረው ሰው አደራ አለ። አምስተኛም ሲመለስ ተጨማሪውን ኪሣራ እንደሚከፍል ቃል ገባ።

እንግዲህ የምሕረት ጉዞ ሙሉ ሥርዓት በእነዚህ በአምስቱ ውስጥ ይገኛል። ቁስሉን ሳያይ መድኃኒት የሚያመጣ፥ ሳይደክም የሚሰጥ፥ ቁስለኛውን ከአገሩ የሚነቅል፥ ባለ ማደሪያውን የሚንቅ፥ ቃል ገብቶም የማይመለስ መንገደኛ የዚያን ሳምራዊ ስም ሊወስድ አይገባውም። ይህን የምንናገረው በሌሎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በዚህ ነገር ስለ ተሳሳትን ነው።

ሐ. በእኛ ጉባኤ ቤት የሆነው

ከብዙ ዓመት በፊት በደብረ ማርቆስ አውራጃ በሚገኝ አንድ ጉባኤ ቤት ቅኔ እናስተምር ነበር። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ሳር በለበሰች ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር እያደረ፥ በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፥ ውሻ እየተከላከለ ይለምናል፤ የተረፈውን ቁራሽ ድርቆሽ አድርጎ ለክፉ ቀን ያኖራል። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ይህን ኑሮ የሚያቆየው የባለጸጋ ስጦታ ሳይሆን የገበሬው ቤት እናት ከራሷ ልጆች ላይ ቀንሳ የምትሰጠው እንጀራ ነው።

አንድ ቀን የምናውቀው ሰው መልካም ልብ ያላቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ክርስቲያኖችን አመጣልን። እኛም እጅግ ተደሰትን። ተማሪዎቹን አሰለፍን፤ ጎጆዎቻቸውን ከፍተን አሳየን፤ እንግዶቹም ሥዕል አነሡ፥ አለቀሱም፤ ልብስና ጥቂት ገንዘብ በየእጃቸው ሰጥተው በዚያው ቀን ሄዱ። ልቅሶአቸው እውነተኛ እንደ ነበረ ዛሬም እንመሰክራለን።

ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ነገር ሆነ። በመጀመሪያ በአንድ ጎጆ የሚያድሩት ልጆች በልብሱ ተጣሉ፤ ሁለቱም ትምህርታቸውን ትተው እንግዳ የሚያልፍበትን መኪና መንገድ መጠበቅ ጀመሩ። ሁለተኛም ልጆቹ ወደ መንደር ለልመና በወጡ ጊዜ ደጆች ተዘጉባቸው። አንዲት እናት፥ «ዛሬማ እናንተ ባለጸጋ ናችሁ፤ እኔ ለልጆቼም አልበቃሁ» ብላ ልጁን መለሰችው። ሴቲቱ ክፉ አይደለችም፤ ዕዳው ከእርሷ ላይ እንደ ተነሣ መሰላት እንጂ። የአንድ ቀን ስጦታ ለብዙ ዘመን የቆየውን የመንደሩን ምጽዋት አደረቀብን።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ የከበደን ነው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ትንሹን፥ 12 ዓመት ያልሞላውን ልጅ፥ ከእንግዶቹ አንዷ ቀኑን ሙሉ እጁን ይዛ ውላ ነበር፤ ስትሄድም በሚመጣው ዓመት በዚሁ ወር እመለሳለሁ አለችው። ቃሉን የተረጐምንለት እኛ ነን። ዓመቱ በደረሰ ጊዜ ልጁ ደበሎውን አጥቦ ሦስት ቀን በመንገዱ ዳር ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ማታ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ስሜን ረስተውት ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። እኛም፥ «ልጄ፥ መንገዱ ርቋቸው ይሆናል» አልነው። በዚያች ሰዓት የመለስንለት ቃል ለእርሱ ያልነው እንጂ የምናምነው አልነበረም፤ ስለዚህም ዛሬ ድረስ ይወቅሰናል። ሴቲቱ ስትናገር ከልቧ እንደ ነበረ እናምናለን። ጥፋቱ ይልቁን የእኛ ነው፤ ከእናቱ የተለየ ሕፃን ሲሰማ ቃሉ እንዴት እንደሚከብድ እያወቅን ያለ ማስጠንቀቂያ ተረጐምነው።

ከዚህ በኋላ በሰንበት ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ መንደሩ ሰዎች ቆመን ይቅርታ ጠየቅን፤ የልጆቹ እናቶች ዛሬም እነርሱ መሆናቸውንም ነገርን። ደጆቹም ቀስ በቀስ ተከፈቱ።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን ሊመጡ ፈልገው አስቀድመው በደብዳቤ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁን። እኛም ከሰበካ ጉባኤው ጋር መክረን ሦስት ነገር ጻፍንላቸው። አንደኛ፥ በሐምሌና በነሐሴ የገበሬው ጎተራ ሲጎድል የሚሆን እህል፤ ሁለተኛ፥ በቅርብ የሚገኝ ንጹሕ ውኃና ሳሙና፤ ሦስተኛ፥ ልጅ በውሻ ሲነከስ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ የሚደርስበት ወጪ። ልብስ አልጠየቅንም። የተነከሰ ልጅ ወዲያው ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጥቦ ክትባት ካልተሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው በኋላ ማዳን እንደማይቻል፥ በተጨናነቀ ጎጆም ቅማል የሚያስተላልፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ከልጅ ወደ ልጅ እንደሚዛመት የሕክምና ሰዎች ነግረውን ነበር።

እነርሱም ስድስት ሆነው መጡ። ከመንደሩ ሰዎችና ከተማሪዎቹ ጋር ቦይ ቆፈሩ፤ ከመካከላቸው የሕክምና ሙያ ያላት ልብስ እንዴት በፈላ ውኃ እንደሚታጠብ አሳየች፤ የማንንም ልጅ ፊት በሥዕል አላነሡም። እህሉን ለሰበካ ጉባኤው በደረሰኝ አስረከቡ፤ የመንደሩ እናቶችም እየጋገሩ ለተማሪዎቹ እንዲሰጡ ተደረገ። ስለዚህ ተማሪው እንደ ወትሮው በዚያው ደጅ ቆሞ ለመነ፤ እናቲቱም እንደ ወትሮዋ ሰጠች። ባለ ማደሪያው አልተናቀም ማለት ይህ ነው። በሚከተለው ዓመት ሁለቱ ብቻ ተመለሱ፤ ከዚያም በኋላ እነርሱ ባይመጡም እህሉ በየክረምቱ ይመጣ ነበር። በመንገድ ዳር የጠበቀው ልጅ ግን ይህን አላየም፤ ቀድሞ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ተሻግሮ ነበርና።

መ. ሕፃኑን ከእናቱ ሳይለዩ ስለ መርዳት

በኦሪት ዘፀአት በ2ኛው ምዕራፍ የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ሙሴን ከወንዝ አወጣችው። እርሷ ባዕድ ናት፤ ልቧ ግን ራራ። በእኅቱ ምክርም ሕፃኑን እንድታጠባ የተጠራችው የገዛ እናቱ ሆነች፤ ደመወዝም ተሰጣት። በእግዚአብሔር ጥበብ የንጉሥ ገንዘብ እናት ልጅዋን እንድታሳድግ ዋለ። ለሕፃናት የሚደረግ እርዳታ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

በዓለም ሁሉ በሕፃናት ማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች የሚበዙት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው መሆናቸው በዘመናችን በጥናት ታውቋል። ብዙዎቹን ወደዚያ የሚያስገባቸው ወላጅ ማጣት ሳይሆን ድህነት ነው። እንግዳ ሊጎበኘው የሚወደው ማሳደጊያ ሲበዛም፥ ማሳደጊያውን የሚሞሉ ሕፃናት ከየቤታቸው የሚፈለጉበት አገር ተገኝቷል። ስለዚህም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ፥ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ሕፃናትን ለንግድና ለብዝበዛ እንዳያጋልጥ አስጠንቅቋል። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ሕፃናት ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ተከልክሏል፤ በባዕድ አገር ለበደልና ለማንነት ጭንቀት ይጋለጣሉ የሚል ስጋት ስለ ነበረ ነው።

ነገር ግን እናት በሞተችበት ስፍራ ሌላ እናት ታስፈልጋለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ለበረከት ወደ ግሸን ማርያም ተጓዙ። በዚያን ጊዜ ወሎ በረኃብ ተጨንቆ ነበር፤ በመንገድም ላይ በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላም ልጆቹ 21 ሆኑ። ስለዚህም ነገር ትዳራቸውን አጡ፥ ኑሯቸውም ተናጋ፤ እርሳቸው ግን ልጆቹን አልተዉም። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ 40 ዓመት ያህል በዚሁ ሥራ ጸኑ፤ ድርጅታቸውም ከማሳደጊያው አልፎ ቤተ ሰቦችን በየቤታቸው ወደ መርዳት ደረሰ። ለበረከት የተጀመረው ጉዞ ወደ ምሕረት ጉዞ ተለወጠ፤ በረከቱም በዚያው ተገኘ።

ከባሕር ማዶ ከመጡትም መካከል መጽናትን ያስተማሩን አሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ከአውስትራልያ የመጡት ለሦስት ዓመት ውል ነበር። በወሊድ ጊዜ ጉዳት ደርሶባቸው ከሰው የተገለሉትን፥ ብዙዎቹም ገና ልጆች የነበሩትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ግን አልተመለሱም። በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ በኋላም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ተከፍቶ የጎጃም ሴቶች በቅርብ መታከም ቻሉ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በዚሁ በአገራችን ዐረፉ። ሁሉ ሰው 60 ዓመት ይቀመጥ አንልም፤ ነገር ግን የአጭር ጊዜ መንገደኛ የሚቀመጡትን የሚያግዝ እንጂ የሚተካቸው እንዳይመስለው እንመክራለን።

ሠ. ለሚሄዱትና ለሚቀበሉት

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ተልኮ ይሂድ እንጂ በራሱ ፈቃድ ብቻ አይነሣ። ስጦታውን በአገሩ አገልጋዮች እጅ በምስክርና በደረሰኝ ያስረክብ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ያቋቋመችው እንደዚህ ያለው ሥራ በሥርዓት እንዲሆን ነው። የአገሩ አናጢና ግንበኛ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ አይቀማ፤ ለትኬት የሚያወጣውን ገንዘብ ቢልክ ይበልጥ የሚጠቅም መስሎ ከታየው ይላክ፤ እርሱ በቤቱ ሆኖም መንገዱን ሄዷል። ለሕፃን የማይፈጽመውን ተስፋ አይስጥ። በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ጌታችን በምጽዋት ጊዜ መለከት እንዳይነፋ ከልክሏል፤ በዘመናችን መለከቱ የፎቶግራፍ መሣሪያ እንደ ሆነ ያስተውል።

የምንቀበል ካህናትም አደራ አለብን። ሕፃናትን ለእንግዳ አሰልፈን ጎስቋላነታቸውን የምናሳይ ከሆንን በእነርሱ ድህነት ነግደናል። ማንም እንግዳ፥ መልካም ቢመስልም፥ ከሕፃን ጋር ብቻውን እንዳይሆን እንጠብቅ፤ ይህ ሰውን መጠርጠር ሳይሆን የእረኛ ሥራ ነው። የመጣውን ሁሉ ለሕዝብ እናሳውቅ። የሰማነውንም ቃል ስንተረጕም ለማን እንደምንተረጕም እናስብ።

ምእመናን ሆይ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ሕፃናት ከቀለም ተለይተው፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እግር ከብዙ መንደር እንደ ራቀ አይተናል። እንግዳ በማይደርስበት ዘመን የሕፃናቱ ባለ ማደሪያ ማን ነው? በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ17ኛው ምዕራፍ የተጻፈችው የሰራፕታ መበለት ባሕር አልተሻገረችም፤ በከተማዋ በር ጥቂት እንጨት ልትለቅም ወጥታ ሳለ እንግዳውን ነቢይ አገኘችው፥ ከመጨረሻዋ ዱቄትም ጋገረችለት። የእርሷ የምሕረት ጉዞ ከማድጋው እስከ ምድጃው ነበረ። በጎጃም ደጋ ማለዳ በበራችን የሚቆመው ደበሎ ለባሽ ልጅ ከሩቅ መጥቷል፤ መንገዱን እርሱ ራሱ ጨርሶልናል። ለእኛ የቀረን ደጁን መክፈት፥ ውሻውን መያዝና ስሙን መጠየቅ ነው፤ ከጠየቅንም በኋላ አለመርሳት።

ሕፃናትን በስሙ የምንቀበልበትን ልብ እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።